የመጨረሻው ጣት

ደሴ ውስጥ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን አራት መቶ ሺህ ሰው በገዛ በሩ መቃን ላይ ባለች ቀዳዳ ጣቱን ያስገባል። ቀዳዳዋ ለብ ያለች ናት። ውስጧ ያለው መሣሪያ በመንግሥት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ተኩል የሚፈጅ ስም አለው፤ ሰው ግን “ጠያቂ” ነው የሚለው፤ ሥራው መጠየቅ ነውና። ልብህ እንዴት አደረ፣ ደምህ እንዴት አደረ ብሎ ይጠይቅና መልሱን ራሱ ይመልሳል። ደህና ከሆንክ ከበሩ በላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ካልሆንክ ቀይ። ጎረቤት መብራቱን አይቶ ያልፋል። ከአርባ ዓመት በፊት ሁለት የደሴ ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ሰላምታቸው ብቻ ከሸዋ በር ፒያሳ ያደርስ ነበር ይባላል፤ ልጁ፣ አማቱ፣ ላሟ፣ የላሟ ጥጃ በየተራ ይጠየቁ ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ የለም። በሩ ጠይቆ ጨርሷል።

ሌላም ነገር አለ። ደሴ ዝግ ብላለች። መቼ እንደጀመራት የሚያስታውስ የለም። ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ሰዉ ከጉሙ ጋር እኩል ይራመዳል፤ አንዳንድ ቀንማ ጉሙ ይቀድማል። ሠርግ ላይ አንድ ትከሻ ለእስክስታ ወጥቶ እስኪወርድ የሙሽራው አጎት ምሳውን በልቶ እጁን ታጥቦ ይመለሳል። በከተማው ሜዳ ባለፉት ስድስት ዓመታት የተቆጠረችው ግብ አንዲት ስትሆን እሷንም ያገባት ነፋስ ነው። ተጣልቶ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ጣቢያው ሲደርስ በምን እንደተጣላ ረስቶት ይገኛል። እንግዶች ይህን ያዩና “ወይ የሰላም አገር!” ይላሉ። የከተማው ሰው ፈገግ ይልላቸዋል፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ እስኪደርስ ግን እንግዶቹ ኮምቦልቻ ገብተዋል።

ይህ ሁሉ የጠብታው ሥራ ነው። ጠያቂው “ልብህ ይቸኩላል” ብሎ ቀይ ያበራበት ሰው ከመቃኑ ሥር ካለችው ጠርሙስ ሦስት ጠብታ ምላሱ ላይ ያደርጋል፤ ጥቂት ይቆይና ጣቱን ይመልሳል፤ አረንጓዴ። በቀይ መብራት መውጣት አይከለከልም፤ ያሳፍራል እንጂ። ከተማው ውስጥ ሳይቸኩል ያደረ ልብ ስለማይገኝ ጠብታው እንደ ፊት መታጠብ ሆኗል።

ጦይባ ኡመር በዚያን ቀን ጠዋት ፊቷን ታጠበች፤ ጠብታውን ግን ዘለለችው።

አርባ አራት ዓመቷ ነው። መኪኖች ራሳቸውን መንዳት ከመጀመራቸው በፊት ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ትነዳ ነበር። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሁለት ዐይኗን ጨፍና ትወርደዋለች የሚባለው ውሸት ነው፤ አንዱን ብቻ ነበር የምትጨፍነው። መሪው ከእጇ ሲወሰድ ሦስት ወር ተኝታ፣ በአራተኛው ተነሥታ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለው ወርክሾፕ የባዮሜዲካል ቴክኒሺያን ተማሪ ሆነች። ሁለት ዓመት ሙሉ ካቻቢቴ ይዛ የማሽን ሆድ ስትዘረግፍ ኖረች። ሞተር የለመደ ጆሮ አላት፤ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያው ማራገቢያ ሊበላሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ታውቅበታለች። ያ ቀን የፈተናዋ ቀን ነበር፤ አንድ የተበላሸ ጠያቂ ጠግና የራሷን ጣት ታስገባለች፣ አረንጓዴ ከበራ ቴክኒሺያን ተባለች ማለት ነው። ለጥገናው ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ መበየድ አለባት። ጠብታውን ስትወስድ ደግሞ ጣቶቿ ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስሏታል። ለዚህ ነው የዘለለችው።

ቀይ መብራቷን ከኋላዋ ትታ ወጣች።

መንገዱ ሕልም ይመስል ነበር። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅታ ወጣች፤ ነቅታ የምትሄድም እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ሰውዬ መንገድ ለመሻገር እግሩን አንሥቶ ነበር፤ እሷ ሁለት ሱቅ አልፋ ዘወር ስትል እግሩ ገና አልወረደም። አንዲት ሴት የውሃ ባልዲ ደፍታ ውሃው ሲፈስ በፍቅር ታየው ነበር። የጉሙ ጠብታዎች ከባሕር ዛፉ ቅጠል ላይ ሲወርዱ ድምፃቸው አንድ በአንድ ይሰማት ነበር፤ የራሷም ልብ አብሮ ይሰማታል፤ ዱብ ዱብ፣ ዱብ ዱብ፣ እንደ ድሮ ሞተሯ። “አቤት፣ ለካ አለሁ!” አለች ለራሷ። አንድ በግ ብቻ ነበር ቀና ብሎ ያያት።

ወርክሾፑ ውስጥ የሚጠብቃት አለቃዋ አያ ሙሄ ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ሦስቱን የወርክሾፑ አለቃ ሆኖ አሳልፏል። ማንም የፈለገውን ቢጠግን የተጠገነው ጠያቂ የሚዘጋው በአለቃው ጣት ነው። ይህ የወርክሾፑ ወግ ነው፤ “የመጨረሻው ጣት” ይባላል። ጠያቂው ያንን ጣት “ደህና ሰው ማለት እንዲህ ነው” ብሎ ይይዝና ሥራ ይጀምራል። አያ ሙሄ በዚህ ይኮራል፤ ኩራቱ ደግሞ ከወርክሾፑ በር ተርፎ እስከ ግቢው አጥር ይደርሳል። ደሴ ውስጥ ጠያቂ ላይ መቶ ከመቶ የሚያገኝ ብቸኛ ሰው እሱ ነው። ዘጠና ሰባት ያገኘ ሌላ ሰው እንኳ ታይቶ አይታወቅም።

“ነይ እስቲ ሾፌሯ!” አላት ከወንበሩ ሳይነሣ። “ዛሬ ፍሬን የለም። ይህ ጠያቂ ከሰኞ ገበያ ነው የመጣው፤ ሁለት ዝናብ ጠጥቷል። እኔ በዕድሜሽ ሳለሁ እንዲህ ያለውን አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ…” ዐይኑ ተከደነ። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሆነው። “…ነበር የምጠግነው” ብሎ ጨረሰ።

“ሌላው እጅዎስ ምን ይሠራ ነበር፣ አያ ሙሄ?”

“ያጨበጭብልኝ ነበራ!”

ጦይባ ሳቀችና ሥራዋን ጀመረች። የዛገውን ፈታች፣ እርጥቡን አደረቀች፣ ሽቦዋን ትንፋሿን ይዛ በየደች። በአርባ ደቂቃ ጨረሰች። ወርክሾፑ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ከአንድ ቀን ተኩል በታች የሠራ ሰው ስላልነበረ አያ ሙሄ መጀመሪያ ያልጀመረች መስሎት ነበር።

ጣቷን አስገባች። ጠያቂው በለስላሳ ድምፁ “ወዳጄ፣ ልብሽ ይቸኩላል” አለና ቀይ አበራ።

ፈታችው። አንድ በአንድ መረመረችው። ዘጋችው። ቀይ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ቀይ።

“ወይ የሾፌር ልብ!” አለ አያ ሙሄ፣ ክፋት በሌለው ሳቅ። “ዞር በይ ላሳይሽ።” ከወንበሩ ተነሣ፤ ጠረጴዛው ጋ እስኪደርስ ሁለቴ ቆመ፤ ሲቆም የሚያስብ ይመስላል። ጣቱን አስገባ። አረንጓዴ። መቶ። “አየሽ? ጥገናሽ ልክ ነው፤ አንቺ ነሽ የተበላሸሽው። ሦስት ጠብታ ውሰጂና ተመለሺ። እኛ አላየንም እንላለን። አብሽሪ።”

ከእሷ በፊት የተፈተኑት ሁሉ ጠብታቸውን ወስደው ነበር የገቡት። እሷም ወስዳ መመለስ ትችል ነበር። ግን ሚኒባስ የነዳ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ መኪናው ደህና ሆኖ የሙቀት መለኪያ ጌጁ ከተቆጣ የሚመረመረው ጌጁ ነው። ጌጅ ለመመርመር ደግሞ ልኩ የታወቀ ነገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ዓመት መጽሐፋቸው ውስጥ፣ ማንም ተፈትኖበት በማያውቅ አንድ ገጽ ላይ፣ ጠያቂዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ አንድ የላስቲክ ጣት አብሮ እንደመጣ ተጽፏል። ወደ ንብረት ክፍል ወጣች።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ተዋበች ካርዱን ፈልጋ አገኘችው።

“አለ። አንድም ቀን አልወጣም” አለች በኩራት። “ለምን ፈለግሽው?”

“ልፈትሽበት።”

“ከተበላሸስ?”

“ለመፈተሻ እኮ ነው የመጣው፣ እትዬ።”

“እሱማ ነው።” ረጅም ጊዜ አሰበች። “ግን ከተበላሸስ?”

ጦይባ ከቦርሳዋ የማትለየውን የድሮ መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ለመያዣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ወይዘሮ ተዋበች ፎቶውን አየች፣ እሷን አየች፣ ቁልፉን አነሣች። ሣጥኑ ሲከፈት ሠላሳ ሦስት ዓመት የተዘጋ የአዲስ ዕቃ ሽታ ወጣ። ጣቱ ሮዝ ነበር፤ ጥፍር ሁሉ ነበረው። ሥሩ ላይ የሚዞር ቁጥር፣ አጠገቡ “ሰባ ሁለት፣ ጤነኛ ጎልማሳ” የሚል ጽሑፍ። ጦይባ ሰባ ሁለት ላይ አደረገችው። ላስቲኩ ሞቀና እጇ ውስጥ መምታት ጀመረ። ወይዘሮ ተዋበች “ቢስሚላህ” ብላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ምድር ቤት ስትመለስ አያ ሙሄ ወንበሩ ላይ አንቀላፍቶ ነበር። የላስቲኩን ጣት ጠያቂው ውስጥ ከተተች። ቀይ። ቁጥሩን ወደ ስልሳ አወረደች። ቀይ። አምሳ፣ ቀይ። አርባ፣ ቢጫ መሰለ፣ ግን ቀይ። ሠላሳ ስድስት ስታደርገው አረንጓዴ በራና “እንኳን በደህና አደርክ” አለው፣ ላስቲኩን።

ከመደርደሪያ ሌላ ጠያቂ አወረደች። እሱም እንደዚያው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁሉም አንድ አፍ ነበሩ።

ጦይባ ወደተኛው ሰውዬ ሄዳ አንጓውን ያዘች፤ ዐይኗ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ዱብ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ዱብ። በአሥራ አንደኛውና በአሥራ ሁለተኛው መካከል የነበረው ዝምታ አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ይነሣበታል። ደቂቃው ሲሞላ ሠላሳ አራት ቆጥራ ነበር።

“ምነው እጄን ያዝሽ?” አለ ዐይኑን ሳይገልጥ። “ሰው ቢያይ ምን ይላል?”

“አያ ሙሄ፣ ታመዋል።”

“እኔ?” ዐይኑ ተገለጠ። “መቶ ከመቶ ነኝ እኮ!”

“መቶ ነዎት ያለው ማን ነው?”

“ጠያቂው ነዋ!”

“ጠያቂውን ደህና ሰው ምን እንደሚመስል ያስተማረውስ?”

ጦይባ ቀጠለች፤ ሳትፈልገው ድምጿ ከፍ አለ። “የመጨረሻው ጣት የአንቱ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት። ልብዎ ሲደክም ጠያቂዎቹ በየጥገናው አብረውዎት ወረዱ፤ እኛንም በጠብታ አወረዱን። ከተማው እኮ ያንቀላፋው በእርስዎ ልብ ልክ ነው!”

“በእኔ ልክ…” አለ አያ ሙሄ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኩራት ነበር። ከተማ ሙሉ! ከዚያ ጠፋ። “አንቺ ፈተና ስለወደቅሽ ነው ይህን የምታመጪው።”

“ይሁን፣ ወድቄአለሁ። ጎረቤትዎ እትዬ ሐሊማ ባለፈው ወር ሲሞቱ ጠያቂው ስንት ሰጥቷቸው ነበር?”

“በሰላም ነው የሞቱት። ተኝተው። መብራታቸው እንኳን አረንጓዴ ነበር…” አፉ ሳይዘጋ ቀረ።

ጦይባ የፈተናዋን ጠያቂ ከፈተች፤ የላስቲኩን ጣት ሰባ ሁለት ላይ መለሰች፤ አስገብታም ዘጋችው። በዚያ ወርክሾፕ ከአለቃው ሌላ የገባ የመጀመሪያው የመጨረሻ ጣት ነበር። አያ ሙሄ እንደተሰደበ ሰው አያት። “በእኔ ወርክሾፕ! ላስቲክ!”

“ያስገቡ።”

“አላስገባም።”

“ፈሩ?”

“እኔ? እኔ የራጅ ማሽን በእሳት ሲቃጠል በጋቢዬ አጥፍቼ…” እዚያ ላይ ቃሉ ተቋረጠ፤ ዐይኑ ተከደነ። ጦይባ ጠበቀች። የግድግዳው ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪ ሩብ ዙር ዞረ። ዐይኑ ሲገለጥ ወሬው ወዴት ይሄድ እንደነበር አያውቅም ነበር። ዙሪያውን አየ፤ ራሱን ያገኘበት ቦታ ያልጠበቀው ይመስል። “ቅድም ምን እያልኩ ነበር?” አለ፣ በትንሽ ድምፅ።

“አያ ሙሄ፣ እባክዎ።”

ጣቱን አነሣ። አርባ ሺህ ጊዜ፣ ምናልባት አምሳ ሺህ ጊዜ ያደረገው ነገር ነው፤ አሁን ግን ቀዳዳዋን መፈለግ ነበረበት። ጠያቂው እንደተለመደው ለሰላምታ የሚበቃ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ መብራቱ ቀይ ሆነ፤ ለስላሳው ድምፅም አያ ሙሄ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ነገረው። “ወዳጄ፣ ብቻህን አትሁን። ሰው ጥራ።”

አያ ሙሄ ጣቱን ሳያወጣ ወደ ጦይባ ዞረ። “ጦይብዬ” አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

የሆስፒታሉ ተሸካሚዎች ተጠሩ። መምጣታቸው ከሩቅ ይታይ ነበር፤ እንደ ጉም ነው የሚመጡት። ጦይባ አልጠበቀቻቸውም። ከኮሪደሩ ባለጎማ አልጋ ጎትታ ሰውየውን አጋደመችበት፤ ዘወርዋራውን መወጣጫ በአንድ ትንፋሽ ወጣችው። ጎማዎቹ ይጮኹ ነበር። “ቀኝ ያዝ! ቀኝ ያዝ!” ትላለች፤ ሰዎች ቀኝ ለመያዝ ገና ሲያስቡ አልፋቸዋለች። ከሐረጎ ወዲህ እንዲያ ነድታ አታውቅም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የልብ ሐኪሟ ዶክተር ዘርፌ የክፍሉን ትልቅ ጠያቂ በሽተኛው ጣት ላይ አደረገች። አረንጓዴ። መቶ።

“በጣም ደህና ናቸው” አለች ዶክተሯ፣ ቀስ ብላ፣ በርኅራኄ። “ከእኔም የተሻሉ ናቸው። በዚህ ቁጥር ማስተኛት አልችልም።”

“ጠያቂውን ይተዉት። በእጅዎ ይቁጠሩ።”

“በእጄ?”

“አንጓቸው ላይ። በአውራ ጣት አይደለም፣ የራስዎን ይቆጥራሉ። በእነዚህ በሁለቱ።”

ዶክተር ዘርፌ ይህን ያደረገችው ተማሪ ሳለች አንድ ጊዜ፣ ለዚያውም በፎቶግራፍ ላይ ነበር። ጣቶቿ የአያ ሙሄን እጅ ላይ ታች ዞሩ፤ አጡት፤ አገኙት። ከንፈሯ መቁጠር ጀመረ። አንድ። ሁለት። መስኮቱ ላይ ጉሙ ቆሟል። ሰባት። ስምንት። ከዚያ ከንፈሯ ዘጠኝን ሊል ተዘጋጅቶ ቀረ። ዶክተሯ ጠበቀች። ጦይባ ጠበቀች። የዶክተሯ ቅንድብ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ከዓመታት ወዲህ ጦይባ በማንም የደሴ ሰው ላይ ያላየችው ነገር ፊቷ ላይ መጣ፣ ድንጋጤ፤ ፈጣን፣ ንጹሕ ድንጋጤ።

“ዘጠኝ” አለች ዶክተር ዘርፌ፣ ሲመጣ። “ክፍሉን አዘጋጁ! ፔስሜከር! አሁኑኑ!” ጮኸች። በዚያ ፎቅ ላይ ሰው ሲጮህ የተሰማው ከስንት ዘመን በኋላ ስለሆነ በሽተኞቹ ሁሉ አልጋቸው ላይ ተነሥተው ቁጭ አሉ ይባላል፤ የተሰፉትም ጭምር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አያ ሙሄ ዐይኑን ሲገልጥ ጦይባ አልጋው አጠገብ ነበረች። ደረቱ ውስጥ የገባችው ትንሽ መሣሪያ ልቡን በደቂቃ ሰባ ጊዜ ትቀሰቅሰዋለች። ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ የጦይባን ሻሽ አየ።

“ይህ ሻሽ ሁልጊዜ እንዲህ ቀይ ነበር?”

“ነበር።”

“ራበኝ። ምን አለ? የት ነው ያለው? ለምንድን ነው የማያመጡት?” ቃላቱ እየተጋፉ ወጡ። ራሱም ገረመው። “ያረቢ፣ እኔ ዕድሜ ያረጋጋኝ መስሎኝ! ለካ እየሞትኩ ነበር።” ሳቀ፤ ሳቁ ስፌቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ የፈራችውን ጥያቄ ጠየቃት። “እንደኔ ያለ ስንት ነበር?”

“የትኛው?”

“ልቡ እንደኔ የደከመ፣ እኔ አረንጓዴ ያበራሁለት። ታውቂያለሽ፤ ሌሊቱን ስታጣሪ እንዳደርሽ ዐይንሽ ይናገራል።”

ጦይባ ከቱታዋ ኪስ ወረቀት አወጣች። በአራት ዓመት ውስጥ በአረንጓዴ መብራት ሥር አልጋቸው ላይ ሞተው የተገኙ ዘጠና ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁሉም በልብ ነው ማለት እንደማይቻል ነገረችው። “አንብቢልኝ” አለ። ስሞቹን አነበበች። ስታነብ ሰባ ጊዜ በሚመታ ልብ ነው የሰማቸው፤ አንዱም ሳይደበዝዝበት። የሰባቱን እጅ ጨብጦ ያውቃል። እትዬ ሐሊማ ጋ ስትደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“ወግ ነው አያ ሙሄ” አለች። “አንቱ ብቻዎን አይደሉም። ላስቲኩን የቆለፈበት ንብረት ክፍል አለ፤ ሳያዩ የፈረሙ አሉ፤ ሐኪሞቹም ሳይቆጥሩ…”

“ዝም በይ።” ወደ እሷ ዞረ። ዐይኑ ረጥቧል፤ አገጩ ግን ወደ ላይ ነበር፣ እንደ ወትሮው። “ወረቀት አውጪ። ለጤና ቢሮ፣ ለከተማው፣ ለየበሩ ይድረስ። ጻፊ። እኔ ሙሄ እንድሪስ፣ ይህችን ከተማ በገዛ ጣቴ አስተኝቻታለሁ። የበሮቹን ቁጥር አስገቢበት። የሰዎቹን ስም አንድ ሳታስቀሪ አስገቢ።”

“እሺ።”

“ማንም አላገዘኝም በይ።”

“አያ ሙሄ…”

“በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ የእኔን ቦታ የነካ ሌላ ጣት አለ? የለም! እንግዲያው ዛሬ ሊካፈለኝ የሚመጣ ማን ነው? ጻፊ፤ ማንም አላገዘኝም።”

ጦይባ እንባዋን በቱታዋ እጅጌ ጠረገች። “ጉረኛ!” አለችው፤ ጻፈችም።

“ከሥሩ አስምሪበት” አለ አያ ሙሄ።

አሰመረችበት።